ከማሽኑ አጠገብ ያለው ሰውዬ

ሰው ያስቀራል ተብሎ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ነቀምቴ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ሰው መቅጠር ነው። ይህን የምለው ጥናት አጥንቼ ሳይሆን ወረፋ ቆሜ ነው። ወረፋ የሚቆም ሰው ደግሞ ከሚያጠና ሰው የበለጠ ጊዜ አለው።

ኤቲኤሙን እንይ። ይህ ሣጥን የተሠራው ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር፣ ገንዘብ ከፋይ ሳያስቸግር፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ብሩን ቆጥሮ እንዲሄድ ነው። እኛ ጋ ግን ሣጥኑ አጠገብ ጥበቃው አለ። የተቀጠረው ሣጥኑን ከሌባ ሊጠብቅ ነበር፤ አሁን ዋና ሥራው ሣጥኑንና ደንበኛውን ማስታረቅ ሆኗል።

«አዴ፣ ካርዱን ይገልብጡት። እንደሱ አይደለም፣ ቢጫዋ ነገር ወደ ላይ ትሁን። አሁን ቋንቋ ይምረጡ። አሁን የምስጢር ቁጥርዎን ይንኩ፤ እኔ ፊቴን አዙሬያለሁ።»

ፊቱን በእርግጥ ያዞራል። ሴትዮዋ ግን ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለው እየጠሩ ስለሚነኩ የጥበቃው ፊት መዞር ለወጉ ያህል ብቻ ይሆናል። ከኋላ የተሰለፍነውም ያልሰማን ለመምሰል ሰማይ ሰማዩን እናያለን። ብሩ ሲወጣ ጥበቃው ይቆጥርላቸዋል፤ ይመርቁታል፤ ቀጣዩ ይጠጋል። በባንክ ቤቱ መስኮት ይህ ጉዳይ የሚፈልገው ከፋይና ተቀባይ ብቻ ነበር። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ አስታራቂና ታዛቢ ተጨምረውበታል።

ማሽኑ የማይሠራ ቀን ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል። ለቢሮ ሠራተኛ እንደዚህ ያለ እፎይታ ያመጣ አባባል ያለ አይመስለኝም። ድሮ ጉዳይህን ሳይፈጽም የሚመልስህ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይልህ ነበር። ኃላፊው ሰው ስለሆነ ይታማል፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ሚስቱ ከእህትህ ጋር እቁብ ትጥላለች፤ በእሷ በኩል ማታ ይለመናል። ሲስተም ግን ዘመድ የለው፣ ጎረቤት የለው፣ እቁብ አይጥል፤ በማን በኩል ይለመን? ስለዚህ ማንም አይቆጣም። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ለሕክምና እንደሄደ ዘመድ «መቼ ይመጣል?» ይባላል። የምታስተናግደዋ ልጅም «ጠዋት ነበር፣ አሁን ነው የሄደው» ትላለች፣ በሐዘኔታ።

ሲስተም ሲጠፋ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። ቢመጣስ? ወንበር የደረሰው ወንበር ላይ፣ ያልደረሰው ደረጃው ላይ ይቀመጥና ወሬ ይጀመራል። ባኮ ላይ በቆሎ ስንት እንደገባ፣ የጊምቢው መኪና ለምን እንደዘገየ፣ የማን ልጅ ለማን እንደታጨች የሚሰማው እዚህ ነው። እኔ የአባቴን የሩቅ ዘመድ ያወቅሁት ሲስተም በጠፋበት አንድ ረፋድ ነው፤ ሲስተሙ ባይጠፋ ኖሮ ዛሬም ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰውዬ ሆኖ ይቀር ነበር። ከውስጥ አንዷ «መጣ!» ብላ ስትጮህ፣ ወሬው መሐል ላይ ተቋርጦበት ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም።

በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ሊቀር ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ብሩ ከኪሳችን ወጣ። የት ሄደ ብትሉ ሰፈራችን ያለችው የሱቅ ልጅ ጋ ነው የሄደው። ይህች ልጅ ሳሙናና ዘይት ልትሸጥ ሱቅ ከፈተች፤ ዛሬ ግን የሰፈሩ ባንክ፣ የሰፈሩ መዝገብ ቤት፣ ሲያስፈልግም የሰፈሩ የበጀት ተቆጣጣሪ እሷ ናት። አክስቴ ገንዘብ መላክ ስትፈልግ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ሄዳ ታቀብላታለች። ልጅቷ «ኮከብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ መሰላል» እያለች ትነካና ቀና ትላለች።

«ለማን ነው አዴ?»

«ለልጄ ነዋ።»

«ለየትኛው? ለሐዋሳው ባለፈው ሳምንት ልከው አልነበር?»

«ሌላ ወጪ መጣበት አለኝ።»

«ምን ዓይነት ወጪ?»

አክስቴ እንግዲህ ታስረዳለች። የሱቋ ልጅ ሰምታ፣ መዝና፣ «ግማሹን አሁን እንላክለት፣ ግማሹን ደሞዝ ሲደርስ» ትላለች። ይህን ምክር የሚሰጥ መተግበሪያ ገና አልተሠራም። በምስጢር ቁጥር በኩል የሆነ እንደሆነ፣ ልጅቷ የግማሹን ሰፈር ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። አንድ ቀን አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ብትሄድ ግማሹ ሰፈር የራሱን ገንዘብ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ እዚሁ ከሰፈር እንድታገባ አንዳንድ እናቶች ከወዲሁ እያሰቡበት ነው።

በግንቦት 2015 ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭም የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ጥሬ ገንዘብ ከማደያው ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ባለ ባጃጁ ግን ከተሳፋሪ የሚቀበለው የተጨማደደ ብር ነው፤ ስልኩ ላይ የሚገባለት ነገር የለም። ምን ይሁን? ማደያው በር ላይ ስልክ የያዘ ጎረምሳ ቆመ። ባለ ባጃጁ የተጨማደደውን ብር ይሰጠዋል፤ ጎረምሳው በስልኩ ይከፍልለታል፤ ለድካሙም ትንሽ ነገር ያስቀራል። እንዲህ ሆኖ ጥሬ ገንዘብን ለማስቀረት የመጣው አሠራር ከጥሬ ገንዘብ እንጀራ የሚበላ አንድ ሰው ፈጠረ። ክፋት የለውም፤ ልጁ ከዚያ በፊት ሥራ አልነበረውም።

የፋይዳ መታወቂያው ምዝገባ ሲመጣም ሄጄ ተሰለፍኩ። መሣሪያው የአሥሩንም ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊትን ፎቶ ይወስዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከእንግዲህ ማን መሆንህን ለማስረዳት ሰው መጥራት አይኖርብህም፣ ማሽኑ ራሱ ያውቅሃል። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሞፈርና ዶማ የጨበጡ ገበሬ ናቸው። ጣታቸውን አስቀመጡ፤ መሣሪያው እምቢ አለ። መዝጋቢዋ በሶፍት ጠረገችላቸው፤ እምቢ አለ። ጠንከር አድርገው ይጫኑ ተባሉ፤ እሳቸው ጠንከር ሲያደርጉ ጠረጴዛው ተነቃነቀ እንጂ አሻራው አልመጣም። ሽማግሌው እጃቸውን እያገላበጡ አዩና «ልጄ፣ እጄ ካልተነበበ እስቲ ማሳዬ ይነበብ» አሉ። ይሄኔ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መሣሪያው እየተንጠራራ መመስከር ጀመረ። «እሳቸው ናቸው! እኔ አውቃቸዋለሁ! አባታቸውንም አውቃለሁ!» መሣሪያው ምስክር በጩኸት አይቀበልም፤ መዝጋቢዋ ግን ተበረታታችና ጣታቸውን በራሷ እጅ ይዛ፣ አንድ በአንድ እያሻሸች፣ እየጫነች አስጨረሰቻቸው። ማሽኑ ሰውዬውን ያወቃቸው ሰው እጃቸውን ይዞላቸው ነው።

እስካሁን ያወራሁት የከተማውን ነው። ከነቀምቴ በስተደቡብ ወደ ኑኑ ቁምባ ስትወርዱ ነገሩ ይብሳል፤ ወይም ያምራል፣ እንደ አያያዛችሁ። የእናቴ ዘመዶች ባሉበት የቡና አገር ስልክ የሌለው ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። ኔትወርክ ግን የሚገኘው ከአንዲት ጉብታ ላይ፣ ከኦዳው ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ኦዳ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ነገር የሚዳኝበት ዛፍ ነው፤ ኔትወርኩም ከዛፎች ሁሉ እሱን መምረጡ ታሪክ ማንበቡን ያሳያል። እዚያ ሥር ለብቻ የሚደወል ስልክ የለም። ሁሉም የሚደውለው እዚያው፣ ጆሯቸው የደከመ አባቶች ደግሞ የሚያወሩት ስፒከሩን ከፍተው ነው።

«አባባ፣ ይስሙኝ፣ አሁን እጄ ላይ የለም» ይላል አዲስ አበባ ያለው ልጅ።

ከዛፉ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ይገባሉ። «ለፋሲካም እልካለሁ ብሎ አልነበረም እንዴ?»

አንዲት ሴት ቡና የያዘ ቅርጫቷን አስቀምጣ ትከራከርለታለች። «ተዉት እስቲ፣ እዚያ የቤት ኪራይ እሳት ሆኗል አሉ።»

«ኪራዩ ለእሱ ብቻ ነው የተወደደው? የእኔውስ ይልክ የለም?» ይላል ሌላው።

ልጁ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ባላያቸው ዳኞች ፊት ቆሞ ይዳኛል። በመጨረሻ ግማሹን ለመላክ ተስማምቶ ይሰናበታል፤ ሽማግሌዎቹም በስፒከሩ በኩል ይመርቁታል። ስልክ የግል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ዛፍ አላዩም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የወለጋ ክረምት እንደምታውቁት ቶሎ መጥቶ ቶሎ አይሄድም፤ ፀሐይ ትጠፋለች፣ ሶላሩ ዝም ይላል። ስለዚህ ስልኮቹ ሁሉ መብራት ወዳለበት ከተማ፣ ቻርጅ ወደሚያደርገው ሱቅ ይላካሉ። መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ታያላችሁ፤ ጀርባቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ የባለቤቱ ስም ተጽፎባቸዋል። ስልኩ ሲጠራ የሚያነሳው ባለሱቁ ነው። «አቤት። አይ፣ የሉም፤ ስልካቸው ነው ያለው። ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?» ብሎ ይቀበልና፣ የሲጋራ ካርቶን ቀድዶ ይጽፋል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ያለው ሚኒስትር ብቻ ነው፤ ኑኑ ቁምባ ውስጥ ግን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ገበሬ ሁሉ አለው።

ቡናውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የእኛ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ የሚሸጠው «ሌከምፕቲ» እየተባለ፣ በነቀምቴ ስም ነው። በሚያዝያ 2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላም ዋጋን በስልክ ማሰማት ተጀመረ፤ ገበሬው የማዕከሉን ዋጋ አውቆ ከነጋዴው ጋር እኩል እንዲደራደር፣ ደላላ እንዳያሞኘው። አጎቴ ደስ ብሎት ዋጋውን ሰማ። ሰምቶ ሲያበቃ ለእኔ ደወለ።

«ማሽኑ ዋጋው ይህን ያህል ነው አለኝ።»

«እንግዲያው ያ ነዋ ዋጋው፣ አጎቴ።»

«እሱን ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ከማሽኑ በላይ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ነቀምቴ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሲደውል፣ ማሽኑ ያለውን ቁጥር እኔ መልሼ እነግረዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ሲሰማው ይረጋጋል።

ይህ ጠባይ ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አጤ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይተረካል፤ ንጉሡ ግን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አስዘረጉ። ሽቦው መልእክተኛን ከመንገድ ያሳርፋል ተብሎ ነበር። ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደምሰማው ግን፣ ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶም በክፍለ ሀገር ከተማ ስልክ የሚመጣው በእግር ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሰው ዘመዱን ለማናገር ሲፈልግ ተላላኪ የጥሪ ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት ይሄዳል፤ «ነገ በ4 ሰዓት ስልክ ይፈለጋሉ» ይላል። የተጠራው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ይመጣል። ለሦስት ደቂቃ ንግግር ግማሽ ሰፈር ቴሌ ግቢ ይውላል። ሽቦው ያሳረፈው መልእክተኛ የለም፤ የጨመረው እንጂ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ያው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ታተመ። ማተሚያ ቤት የዘመኑ ትልቅ ቴክኖሎጂ ነበር፤ አንድን ቃል በሺህ ቅጂ አድርጎ ያለ ተናጋሪ ይልካል። መጽሐፉ ግን ብቻውን ነቀምቴ ገብቶ አላስተማረም። በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስና የትርጉም ሥራ አጋሩ አስቴር ጋኖ ራሳቸው፣ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ወደሚገዙት አገር ተከትለውት መጥተው፣ ቁጭ ብለው ፊደል አስቆጠሩ። መጽሐፍም እኮ አጠገቡ ሰው ይፈልጋል።

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ይህን ሁሉ ስነግረው ይናደዳል። «ይሄ ሰዉ ስላልሠለጠነ ነው» ይላል። «ተጠቃሚ ራሱን በራሱ ማገልገል አለበት። ምስጢር ቁጥር ለሱቅ ልጅ ይሰጣል እንዴ?» አባባሉ ልክ ነው፣ አይሰጥም። እምነታችንን ተጠግተው የሚዘርፉም በዝተዋል፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚሉ። ብዙ ሰው ተበልቷል። ወዳጄ ለዚህ መፍትሔው ሶፍትዌር ነው ይላል። አክስቴ ጋ የደወለው አጭበርባሪ ግን የገጠመው ሌላ ነገር ነው።

«አዴ፣ ሃምሳ ሺህ ብር ደርሶዎታል፤ ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ተመስገን። እንዴት አደርክ ልጄ? ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ቁጥሩን...»

«ዝናቡስ እንዴት ነው በእናንተ በኩል? ከብቱ? የት አገር ነህ አንተ?»

«አዲስ አበባ ነኝ። እባክዎ ቁጥሩ...»

«አዲስ አበባ ማን ይወለዳል? ትውልድህን ነው የምጠይቅህ። የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ የአባቱን ስም ሳይናገር ስልኩን ዘጋ። አክስቴም «ምን ዓይነት ልጅ ነው? ሰላምታ አልጨረስንም እኮ!» ብላ መልሳ ደወለችለት። አያነሳም። እስከ ማታ ደወለችለት። አሁን ለማን እንደምታዝኑ አላውቅም፤ እኔ ትንሽ ለእሱ አዝኛለሁ።

ወዳጄ ራሱን በራሱ ስለሚያገለግል ሰው ሲያወራ የሚያስበው ውጭ አገርን ነው። ውጭ አገር ደግሞ ዘመድ አለን፤ የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው ያለው። እዚያ ገበያ ገብተህ፣ ዕቃውን ራስህ በማሽን አሳይተህ፣ ራስህ ከፍለህ፣ ራስህ በከረጢት ከትተህ ትወጣለህ፤ እግዜር ይስጥልኝ የምትለው ማሽኑን ነው። እዚያም ቢሆን ማሽኖቹ መሐል፣ ሲበላሹ እየሮጠች የምትደርስ አንዲት ሠራተኛ ቆማለች አለኝ። ልጁም ዝምታው ስለሚከብደው ገበያ በገባ ቁጥር በኢሞ ይደውልልናል። ድንቹን ሲመዝን እኛ እናያለን፤ እናቱም ከኑኑ ቁምባ ከዛፉ ሥር «ይሄማ ውድ ነው፣ መልሰው» ትለዋለች። ይመልሰዋል። እንግዲህ ሰው የማይፈልገው የሚኒሶታው ማሽን አጠገብ የቆመችው የእኔ የአጎቴ ሚስት ናት።

የሰፈራችን እድርም ወዳጄ እንደሚመኘው ዘመናዊ ሆኖ ነበር። ጥሩምባ ይቅር፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት ተባለ። ተከፈተ። አድሚን ማን ይሁን ሲባል የሁሉንም ቤት የሚያውቅ ሰው ተፈለገ፤ የሁሉንም ቤት የሚያውቀው ጥሩምባ ነፊው ነው፤ እሱ ሆነ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሰው አረፈብን፤ አድሚኑ በግሩፑ ላይ ጻፈ። ጎሕ ሲቀድ የጥሩምባ ድምፅ ሰምተን ብቅ ስንል፣ ሰውዬው በየበሩ እየቆመ «ኧረ ቴሌግራማችሁን ክፈቱ፣ መርዶ አለ!» ይላል። አሁን ሥራው እጥፍ ሆኗል፤ ክፍያውም እንዲጨመርለት ለእድሩ አመልክቷል።

በሳቅ የማይታለፍም አለ። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ምሥራቅ ወለጋም ውስጥ ኢንተርኔቱ ተነካ። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን፣ ኮሮና አገራችን ገብቶ ሰው ሁሉ ወሬ በተጠማበት ሰሞን ነው። በእነዚያ ወራት ልጁ ደምቢ ዶሎ ያለ፣ እናቱ ነጆ ያለች ሰው ጭንቀቱን ማንም አይነግረው። ያን ጊዜ ቴሌብር አልነበረም፣ መተግበሪያም አልረዳም። የረዳው የመኪና ሾፌር ነው፤ በታጠፈ ወረቀት፣ በቃል በተላከ መልእክት፣ «እናትህን አይቻታለሁ፣ ደኅና ናት፣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር» በሚል ወሬ። የምዕራቡ መኪና መናኸሪያ ሲገባ ሾፌሩን የሚከበው ሰው ብዛት! ሾፌሩም ከድካሙ ጋር እየታገለ አንድ በአንድ ያደርሳል። ያ የጎመኑ ነገር ባይጨመር መልእክቱ አይታመንም ነበር። ማሽኑ አጠገብ ሰው ማስቀመጣችን ኋላ ቀርነት ነው ከሚለኝ ወዳጄ ጋር በዚህ አልስማማም። ማሽኑ ሲሄድ አጠገቡ የነበረው ሰው ይቀራል።

አንድ የመጨረሻ ምስክር ልጥራ። በመጋቢት 2016 አንድ የዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ለዘመናት «የለም» ሲባል የኖረው ሲስተም በአንድ ሌሊት ከልክ በላይ «አለ» ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ወሬው ሲዛመት የደረሰበት ተማሪ ወስዶ ዝም አላለም፤ ለጓደኛው ነገረው፣ ጓደኛው ለዶርሙ ነገረ፣ በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። በስህተት የተከፈተ ካዝና ፊት ተራ ጠብቆ የሚቆም ሕዝብ ከኢትዮጵያ ሌላ የት ይገኛል? ገንዘቡን ለማስመለስስ ምን ተደረገ? ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ አሉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ኮምፒውተር ያበላሸውን ይሉኝታ አስተካከለው። አባት ልጁን ከባንክ በር ላይ ተለጥፎ ከማየት ብሩን ተበድሮ መክፈል ይመርጣል።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ በጣም ሰግቷል። አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛው ሁሉ ሊቀር ነው፣ እኔ ተመርቄ ምን ልሠራ ነው ይላል። ባለፈው መስቀል አንጮቴ ተቀቅሎ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ስልኩን አውጥቶ አሳየን። አክስቴ ጠይቅልኝ አለች፤ አንጮቴ ሳይመር የሚቀቀለው እንዴት ነው ብለህ። ልጁ ጻፈ፤ ማሽኑ መለሰ፤ ልጁ ወደ ኦሮምኛ መልሶ አነበበላት። አክስቴ ስህተት ነው አለች። ጎረቤቷ ትክክል ነው አለች። አጎቴ ወደ ሁለቱም ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለ። የአጎቴ ሚስት ሚኒሶታ ደውለን ልጄን እንጠይቅ አለች። ክርክሩ እስከ ቡና ሦስተኛ ድረስ ዘለቀ፤ ማሽኑ ግን ከመጀመሪያው መልሱ በኋላ አንዴም ተራ አልደረሰው።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይኸው ነው። አትስጋ፣ ትምህርትህን ጨርስ፤ ብቻ ከአሁኑ አንድ ጥሩ ወንበር ግዛ። ያ ማሽን ኑኑ ቁምባ ሲደርስ አጠገቡ የምትቀመጥበት ያስፈልግሃል።